በድሬዳዋ ጤና ጣቢያ መቀጠር፦ ሠራተኛውን ምን ያቆየዋል፣ ምን ያስለቅቀዋል?

ይህ ግምገማ ታካሚው ስለሚያገኘው ሕክምና አይደለም። ጤና ጣቢያውን እንደ አሠሪ ነው የምንመዝነው። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ጤና መኮንን፣ የላብራቶሪ ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ሆኖ ድሬዳዋ ለመቀጠር ወይም ለመዛወር የሚያስብ ሰው ምን ይጠብቀዋል? አንዱን ጤና ጣቢያ ነጥለን አናነሳም፤ የምንመዝነው አብዛኞቹ የሚጋሩትን አሠራር ነው። በጥቅሉ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥተነዋል። ከተማ ውስጥ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወሂል ወይም ጀልዴሳ ክላስተር (የገጠር ቀበሌዎች ስብስብ) ሲደረስ ወደ 2 ይወርዳል።

ከሁሉ በፊት አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። የከተማው ጤና ጣቢያዎች ሠራተኛ ብዙም አይለቅባቸውም፤ ኃላፊዎችም ይህን አይተው ሠራተኛው ደስተኛ ነው ይላሉ። ነገሩ ሌላ ነው። ሳቢያን ወይም ለገሃሬ የተመደበ ነርስ ከሥራ ሲወጣ ከዚራ ያለ የግል ክሊኒክ ገብቶ እስከ ማታ ይሠራል። መንግሥት ቤት የሚያቆየው ይህ የማታ ሥራ ነው፤ የመንግሥቱ ደመወዝ መነሻ፣ የግሉ ማሟያ ይሆንለታል። ሰውየው አልለቀቀም፤ ጉልበቱን ግን ለማታው ቆጥቦ ነው ጠዋት የሚገባው። ሥራውን ለቆ የሄደውን መዝገብ ይቆጥረዋል፤ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የተወውን ግን ማንም አይቆጥረውም። የሚለቀውም ቢሆን ማመልከቻው ላይ «በግል ምክንያት» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ የመልቀቂያ ደብዳቤውና የሥራ ልምዱ ሳይጓተት እንዲሰጠው ከማንም ጋር መጣላት አይፈልግማ! ስለዚህ የሰው ሀብት ክፍል ፋይል አገላብጦ የመልቀቅ ምክንያት አጠናሁ የሚል ሰው ያገኘው ነገር ቢኖር ያን አንድ ሐረግ ነው።

ደመወዙን ቶሎ እንለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ አገር አቀፍ ሆኖ ወጣ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ጭማሪ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህ ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ራሱ ያስላው። ደመወዝ ግን አንድ ደህና ጠባይ አለው፦ ቀኑ ይታወቃል። የዲዩቲ፣ ማለትም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራው ተራ፣ ክፍያ ይህ የለውም፤ እኛም ሁለት ኮከብ ያነሳንበት ዋናው ቦታ ዲዩቲው ነው።

የማዋለጃ ክፍሉን ውሰዱ። ጤና ጣቢያ ለወሊድ 24 ሰዓት ክፍት ነው። 4 አዋላጆች ቢኖሩ ሌሊት ያደረችው ቀን ኦፍ ትወጣለች፣ 3ቱ ቀን ይሠራሉ፣ ከእነሱ አንዷ ለሌሊት ትቀራለች። ለእያንዳንዷ በወር 7 ወይም 8 ሌሊት ይደርሳታል፤ ይከብዳል፣ ግን ይቻላል። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ፣ ማለትም ለ4 ወር ገደማ፣ 3 ይቀራሉ፤ ሌሊቱ 10 ይሆናል። በዚያው ሰሞን ሌላዋ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ከተጠራች 2 ይቀራሉ፦ 24 ሰዓት ሥራ፣ 24 ሰዓት እረፍት፣ በወር 15 ሌሊት በሚያስቆጥር ፍጥነት። ቀን ላይ አንዷ ብቻዋን የነፍሰ ጡር ክትትሉን፣ የቤተሰብ ዕቅዱንና ምጥ የያዛትን እናት ትይዛለች።

ነገሩ ድካም ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ልጁ እንደወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ ደም እንዳይፈሳት 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻዋ መወጋት አለባት፤ ልጁ ካልተነፈሰም በዚያችው 1 ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) መረዳት መጀመር አለበት። ሁለት ሥራ፣ አንድ ሰው። በአንድ ሌሊት እናቲቱ እየደማች ልጁም ትንፋሽ አጥሮት ያየች አዋላጅ በማግስቱ የምታስበው ስለ ደመወዝ አይደለም፤ ብቻዋን መሆኗን ነው። በእኛ ግምት አዋላጅ ከሚለቅባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው፤ ግን በቅጽ ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለውም።

መድኃኒቱ በሒሳብ ይታወቃል። ማዋለጃ ክፍል ከ5 አዋላጅ በታች ካለው አንድ ፈቃድና አንድ ስልጠና ሲገጣጠሙ መፍረሱ አይቀርም። 5ተኛ መደብ እስኪፈቀድ ደግሞ ኃላፊው ማድረግ የሚችለው አለ፦ የወሊድ ፈቃድ ከወራት በፊት የሚታወቅ ነገር ስለሆነ በዚያ 4 ወር ማንንም ለስልጠና አለመላክ፤ ሌሊት ከአዋላጇ ጋር ከድንገተኛ ክፍል አንድ ነርስ በስም መድቦ የልጁን መርዳት እንድትለማመድ ማድረግ፤ የወሩን የዲዩቲ ፕሮግራም ወሩ ከመግባቱ 10 ቀን ቀድሞ መለጠፍ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፕሮግራሙ በዋዜማው የሚወጣበት ጤና ጣቢያ ሠራተኛው ልጁን ለማን እንደሚተው፣ የግል ክሊኒኩን ተራ እንዴት እንደሚያስማማ ማወቅ አይችልም፤ ግማሹ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ክፍያው ላይ እንመለስ። ዲዩቲ የሚከፈለው የተሠራው ሰዓት ተሞልቶ፣ የክፍሉ አስተባባሪ ፈርሞበት፣ ከፕሮግራሙ ጋር ተያይዞ ፋይናንስ ሲደርስ ነው። አንድ ስም ፕሮግራሙ ላይ ሌላ፣ ሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ሌላ ከሆነ የሁሉም ወረቀት አብሮ ይመለሳል፤ ተራ የተቀያየሩ ሰዎች ቅያሬውን በጽሑፍ ስለማያስይዙ በየወሩ የሚደገም ስህተት ነው። ሌላው ችግር የበጀት ዓመቱ ነው። ለትርፍ ሰዓት የተያዘው ብር ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልቃል፤ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል ቢባልም ገንዘቡ ተለቆ እጅ እስኪገባ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የሰኔ ሌሊት የሚከፈለው ምናልባት የትምህርት ቤት ክፍያ ካለፈ በኋላ ነው። መፍትሔው በጀቱ ሲታቀድ የአምናውን ወጪ መገልበጥ ሳይሆን ሌሊቶቹን መቁጠር ነው፦ በክፍል ስንት ሰው፣ በሰው ስንት ሰዓት፣ በዓላት ስንት። ይህን ሒሳብ ሠርቶ የሚያቀርብ ኃላፊ ሰኔ ላይ ሠራተኛውን ቀና ብሎ ማየት ይችላል።

ቀጥሎ መድኃኒት። የመድኃኒት እጥረት ከሠራተኛ እርካታ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ የጤና መድን ደብተር የያዘ አባወራ ፋርማሲው መስኮት ላይ ሲቆም ይየው። መዋጮውን ከፍሏል፤ ነርሷ ጽፋለታለች፤ ፋርማሲው «የለም፣ ውጭ ግዛ» ይለዋል። ተመልሶ የሚመጣው ወደ ነርሷ ነው። «አቦ ሲስተር፣ ታዲያ ምን ልታደርጊልኝ ጻፍሽው?» መልስ የላትም። ይህን በቀን ደጋግሞ የሚሰማ ሰው ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይደነዝዛል።

ድሬዳዋ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት፤ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ከተማው ውስጥ አለ። ሆኖም እጥረቱ ሁልጊዜ ከላይ አይመጣም፤ አንዳንዴ እዚያው ጤና ጣቢያው የሚሞላው ቅጽ ላይ ይወለዳል። ጤና ጣቢያ በየ2 ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል፤ ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄ መነሻው የግማሽ ወር ፍጆታ ነው። አሞክሳሲሊን በ60 ቀን ውስጥ 400 ስትሪፕ ወጣ እንበል፤ ግን 20 ቀን ጨርሶ አልነበረም። 400ውን ለ2 ወር ያካፈለ ባለሙያ የወሩ ፍጆታ 200 ነው ብሎ ከፍተኛውን 800 ያደርገዋል። ትክክለኛው 400 ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለ40፣ ማለትም 600 ነው፤ በወር 300፣ ከፍተኛው 1,200። የ400 ስትሪፕ ልዩነት! ያልነበረበትን ቀን ያልቆጠረ ጤና ጣቢያ ባጣ ቁጥር ያነሰ ይጠይቃል፣ ያነሰ በጠየቀ ቁጥር መልሶ ያጣል። ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ መድኃኒቱ ያለቀበት ቀን በየዕለቱ ከተመዘገበ ሒሳቡ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያም ያለቀውና ያለው በየጠዋቱ ለሐኪሞቹ ቢነገር ነርሷ የሌለ መድኃኒት ጽፋ አትሰደብም፤ በስልክ የቡድን መልእክት የሚሆን ነገር ነው። ይህን የሚያደርግ ጤና ጣቢያ አንድ ሙሉ ኮከብ ይገባዋል።

የሥራ ጫና። «ሥራ በዛ» የሚለው አቤቱታ ያለ ቁጥር ሲቀርብ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እናስቀምጥ። በዓመት 260 የሥራ ቀን አለ። 20 የዓመት ፈቃድ፣ 13 ገደማ በዓል፣ 5 የሕመም፣ 10 የስልጠና ቀን ስናነሳ 212 ይቀራል። በሳምንት 39 ሰዓት ሲሠራ ቀኑ 7.8 ሰዓት ነው፤ በዓመት 1,653 ሰዓት ያህል። ለአንዲት ነፍሰ ጡር በአማካይ 20 ደቂቃ ቢሰጣት በሰዓት 3፣ በዓመት 4,960 ገደማ። ከጊዜዋ 30 በመቶው ለመዝገብ፣ ለሪፖርትና ለስብሰባ ሲሄድ 3,470 ያህል ይቀራል፤ በቀን 16 እናት። 35 እናት በሚመጣበት ቀን አንዲት ባለሙያ የተመደበበት ክፍል ከእያንዳንዷ እናት ግማሹን ጊዜ እየሰረቀ ነው ማለት ነው። ቀድሞ 4 የነበረው ክትትል 8 ሆኗል፤ የእናቶቹ ቁጥር ባይጨምርም ምልልሱ እጥፍ ነው፤ የሰው መደብ ግን አብሮ እጥፍ አልሆነም። ኃላፊ ሆይ፣ መደብ ስትጠይቅ ይህችን ሒሳብ ከደብዳቤው ጋር አያይዝ።

ወሩ በሪፖርት አቆጣጠር ከ21 እስከ 20 ነው፤ ስለዚህ ከ20 በኋላ ያሉት ቀናት የሪፖርት ቀናት ናቸው። መዝገብ ይቆጠራል፣ ታሊ (የቆጠራ ቅጹ) ይመሳከራል፣ ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ይገባል። በየዕለቱ ማታ የገጹን ድምር የሚሠራ ክፍል በ21 ጠዋት ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ የማይሠራ ክፍል ሦስት ቀን ይቆጥራል፣ ቁጥሩም አይገጥምም፣ ከዚያ ደግሞ ማስተካከያ ስብሰባ። ምን ያናድዳል ቢባል ያው መረጃ ለየፕሮግራሙ በየራሱ ቅጽ እንደገና መጠየቁ ነው።

ሙቀቱ የድሬ ልዩ ጉዳይ ነው። ደጋ የሠራ ሰው እዚህ ሲመጣ ማራገቢያ የሌለው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ሽርጥና ጓንት አድርጎ መቆም ምን እንደሆነ አያውቅም። ለአስተዳደሩ ማራገቢያ የቅንጦት ዕቃ ይመስለዋል፤ የጤና ጣቢያው ቦርድ ግን ከውስጥ ገቢ ሊያጸድቀው የሚችለው ነገር ነው። የክትባት ፍሪጁ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ንባቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እሑድንም ጨምሮ ይመዘገባል። መብራት ሲጠፋ በሌሊት ማን ይጠራል? አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዲት የክትባት ነርስ፣ ያለ ክፍያ። ይህን ሥራ ለዲዩቲ ነርሱ በጽሑፍ ማስተላለፍ፣ የጄነሬተሩን ቁልፍም ከዘበኛው ጋር ማድረግ ነገሩን ይጨርሰዋል።

ወረርሽኝ ሲመጣ የእቅዱ ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ዴንጌ፣ በ2011 ማብቂያ አስር ሺዎችን ያሳመመ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ በበጋ የተነሳ ወባ አይታለች። የመጨረሻው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው፣ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከምትራባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወባ ክረምትን ተከትሎ ይመጣል የሚለው የድሮ ዕቅድ እዚህ አይሠራም። ሠራተኛውም የሚኖረው በርሜል ባለበት ግቢ ነው፤ እሱም ይታመማል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን የተጠባባቂ ስም ዝርዝር ያለው ጤና ጣቢያ ጥቂት ነው።

ገጠሩ ሌላ ዓለም ነው። ወሂል፣ ቢዮ አዋሌ፣ ጀልዴሳና አሰሊሶ ክላስተሮች ውስጥ የማታ ክሊኒክ የለም፤ ስለዚህ ከተማውን ያቆመው ማሟያ ገቢ እዚያ የለም። ቤተሰብ ከተማ ይቀራል፣ ሰውየው ሰኞ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የማይችል ባለሙያ የታካሚውን ሕመም በዘበኛው አስተርጓሚነት ነው የሚሰማው፤ የሴት ሕመም ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሰማም። ቋንቋውን የሚችል ሰው ግን በማኅበረሰቡ ይወደዳል፣ ስሙ ይታወቃል። እሱም ማቆያ ነው።

ገጠር የማይለቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ከየቀበሌው የተመለመሉ ሴቶችን፣ በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ለ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ መደበ። የአካባቢው ልጅ ስትቀጠር ትቆያለች፤ ስሌቱ ትክክል ነበር። የጎደለው ዝውውሩ ነው። ከ10 ዓመት በፊት ያላገባች ልጅ ዛሬ የከተማ ባልና የትምህርት ቤት ልጆች አሏት፤ የዝውውር ውድድሩ መስፈርት ካልተለጠፈና የአገልግሎት ዘመኗ ነጥብ ካልተሰጠው ግን መሄጃዋን ሰው በማነጋገር ብቻ ትፈልገዋለች። ገጠር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሠራ ሰው የከተማ መደብ ሲከፈት ቅድሚያ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ቢያውቅ ቀኑን እየቆጠረ ይቆያል። የማያውቅ ሰው ሁለተኛው ወር ላይ ማመልከቻ ይጽፋል።

ትምህርት ላይ የሚያስከፋው ይህ ነው፦ በደረጃ 4 (ከዲግሪ በታች) የተቀጠረች ነርስ በራሷ ገንዘብ ዲግሪ ትይዛለች፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ክፍት የዲግሪ መደብ ስለሌለ በድሮው ደመወዝ ትቀጥላለች። አጠገቧ አዲስ የተመደበ ባለዲግሪ ከእሷ ይበልጥ ይከፈለዋል፤ ካቴተር ማስገባት የምታስተምረው ግን እሷ ናት። ትምህርት ከመጀመራችሁ በፊት መደቡ መኖሩን ጠይቁ፤ በመንግሥት ወጪ ከሆነም የአገልግሎት ግዴታ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚል አንብባችሁ ፈርሙ።

ሱፐርቪዥን በብዙ ቦታ ቼክሊስት ነው፦ ቡድን ይመጣል፣ መዝገብ ያያል፣ ጉድለት ይጽፋል፣ ይሄዳል። ያለፈው ጊዜ ያስመዘገቡት ችግር ተፈታ ወይ ብሎ የሚጀምር ቡድን ሲመጣ ግን ሠራተኛው ራሱ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቃል።

ለማን ይሆናል? ቤተሰቡ ድሬ ያለ፣ ከቋንቋዎቹ ሁለቱን የሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጁን ማፍታታት የሚፈልግ ሰው ከተማው ጤና ጣቢያ ብዙ ይማራል። ብቻውን ሌሊት መሥራት የሚያስጨንቀው አዲስ አዋላጅ ግን ቃለ መጠይቁ ቀን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በክፍሉ ስንት አዋላጅ አለ፣ የመጨረሻው የተከፈለ ዲዩቲ የየትኛው ወር ነው፣ የዚህ ወር ፕሮግራም የት ተለጥፏል? ሦስተኛውን ሄዶ በዓይኑ ይየው። ስሞቹ ተሰርዘው በእስክሪብቶ ሌላ ከተጻፈባቸው ይቁጠራቸው፤ ከሦስት ከበለጡ ሌላ ጤና ጣቢያ ክፍት ቦታ መኖሩን ቢያጣራ ይሻለዋል።